አባባን የሚሰድብ ሰው ጠፋ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለላቲር ፋይ፤ ሊብረቪል ካለህበት።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ፣ ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰህ ስትውል ይዞህ የነበረው፣ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ዲቦር እንዴት ናት? የአያቱን ስም የያዘው ትንሹ ምባኝክስ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም እንደ አያቱ በድዱ ነው የሚስቀው? ጣሪያችሁ ማፍሰሱን ተወ? ያ ኮንጎዊ ጎረቤታችሁ ራዲዮኑን ቀነሰ? እንቅልፍስ ታገኛላችሁ? ብቻ ሰላም ሁኑልን።

እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እማማ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከራዲዮ ቀድሞ ያስታውቃታል። ማሽላው ዘንድሮ ሰው ውጦ ያስቀራል፤ ወፉም አብሮን ሊያጭድ ተዘጋጅቷል። አህያዋ ደህና ናት። አባባም አሁን ደህና ናቸው። «አሁን» ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁትም በዚያው ሰበብ ነው። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፣ ስልኩን ግን አባባ ከእጃቸው አይለቁትም፤ ለምን እንደሆነ ስታነብ ይገባሃል። ስለዚህ የአጎታችን የቢራን ልጅ ወደዚያ ሲመጣ ይዞልህ እንዲመጣ ጻፍኩት። በመንገድ ላይ ቢያነበውም ግድ የለኝም፤ እሱም ነገሩ ሲሆን እዚሁ የነበረ ነው።

ጀልባ ቀዛፊውን ባጂን ታስታውሳቸዋለህ። ጠዋት ጠዋት ጀልባቸውን ሳያስሩ ገና ከውኃው ዳር፣ «ያ ሰነፍ ባሪያዬ ተነሣ ወይስ ዛሬም እኔው ልቀስቅሰው?» ብለው ሲጮኹ መንደሩ ሁሉ የሚነቃው በእሳቸው ድምፅ ነበር። አባባም ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወደ በሩ ወጥተው፣ «ዝም በል አንተ ሩዝ አጋባሽ! ጌታህ ቁርስ ሳይበላ አይሰደብም!» ይሉ ነበር። ባጂ በነገዳቸው ጆላ፣ አባባ ሴሬር፤ ሴሬርና ጆላ ደግሞ ካልተሰዳደቡ ምኑን ተዛመዱት? ባጂ የሞቱት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። አባባ መቃብሩ አጠገብ ቆመው፣ «ይህ ሰነፍ የዓሣ ወቅት ሊገባ ሲል፣ ሥራ ሲበዛበት አይቶ ሞተ» ብለው ሲናገሩ ሰው ሁሉ እየሳቀ አለቀሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን አንድም ጆላ አልቀረም፤ አባባን የሚሰድብ ሰው ጠፋ። ጠዋት ይነሣሉ፣ ወደ በሩ ይወጣሉ፣ ወደ ውኃው ያያሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። አንተ እንዳታስብ ብለን በስልክ አልነገርንህም።

ታዲያ የውኃ ዳር ዛፋችንን፣ ማንግሮቩን፣ መልሰን እንድንተክል ሊረዱን በጎ ፈቃደኞች የመጡት በዚያ ጊዜ ነበር። ሦስት ነበሩ። ሁለቱን ያረፉባቸው ቤቶች በየራሳቸው ስም ዲዩፍና ንዱር ብለው ሰየሟቸው። ሦስተኛዋ ግን ስም ይዛ መጣች። ትክክለኛ ስሟ ካታዥና ነው፤ እማማ ልትጠራው ስትሞክር አስነጠሳት። ይህች ልጅ ወደ እኛ ሳትመጣ በፊት ካዛማንስ ውስጥ ጆላዎች ቤት ተቀምጣ ነበርና እነሱ በጆላ ስም ሴይናቡ ጃታ ብለዋታል። ከመኪና ወርዳ በራችን ላይ ቆማ፣ «ሴይናቡ ጃታ እባላለሁ» አለች። አባባ ተጋድመው ከነበሩበት ምንጣፍ እንዴት እንደተነሡ አላየሁም፤ ቆመው ነው ያየኋቸው።

«ጃታ? ጃታ አልሽ? አንቺ ያመለጥሽ ባሪያ! ይኸው ፈጣሪ በገዛ እግርሽ አምጥቶ ሰጠኝ! በይ ያንን ማሰሮ ተሸከሚ!»

ልጅቷ ሻንጣዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። አባባን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ከዚያ ከመምጣቷ በፊት በለቃቀመችው የተሰባበረ ሴሬርኛ፣ «ፋይ ማለት አንተ ነህ? ጌታህ ከሩቅ አገር መጥታ ውኃ ሳትሰጣት የምታወራው በማን ፈቃድ ነው? ማሽላ እንደ ወፍ ስትቆረጥም ነው መሰለኝ ድምፅህ እንዲህ የቀጠነው» አለች። ላቲር፣ አባባ መጀመሪያ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ሳቁ። ምሰሶውን ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ውኃ ቀድተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሰጧት። ለእማማ፣ «ባጂ ነው የላካት» አሏት። እስከ ዛሬም ከዚህ ሐሳብ አልወጡም።

ሁለት ክረምት ከእኛ ጋር ኖረች። የማንግሮቩን ዘር ታውቀዋለህ፣ ያንን እንደ ጣት የረዘመውን፣ ሹሉን ወደ ጭቃ የምንሰካውን። መጀመሪያ ቀን አንድ ረድፍ ሙሉ ገልብጣ ተከለችው። አባባ መንደሩን ሁሉ ጠርተው አሳዩ፤ «ኑ እዩ! ጃታዎች ዛፍን እንኳ በጭንቅላቱ አቁመው ነው የሚያሳድጉት!» አሉ። እሷም ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ፣ «ዛፎቹ የፋይን ፊት ላለማየት ነው ጭንቅላታቸውን የቀበሩት» ብላ መለሰችላቸው። አባባ ያን ቀን ለምሳ ከሚበሉት እጥፍ በሉ። ጠዋት ጠዋትም ወደ በሩ ሲወጡ የሚያዩት ውኃውን መሆኑ ቀረ። እሷ ከጎጆዋ ብቅ ትልና፣ «ይህ ሽማግሌ ዛሬም አልሞተም?» ትላለች፤ ቀኑም በዚያ ይጀመራል።

የሄደች ቀን አባባ ሊሸኟት አልወጡም። «ያለ ፈቃድ የሚሄድ ባሪያ አይሸኝም» ብለው ከማሽላው ጎተራ ኋላ ገቡ። ለምን እንደገቡ እኔ አውቃለሁ፤ ሲወጡም ዓይናቸው ውስጥ ገለባ ገባ አሉ። ግን አልተቆራረጥንም። በየዓርቡ፣ ከሶላትና ከምሳ በኋላ፣ አባባ ስልኬን ይቀበሉኝና በድምፅ ይልካሉ፤ እሷም ትመልሳለች። የእሷን ስድብ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ ይሰማል፤ «ይህቺንስ ከየት አመጣቻት!» እየተባለ ይደነቃል። በዚያ በበረዶ አገር ሆና የሴሬርኛዋ ስድብ ከመንደራችን ልጆች ስድብ የተሻለ ሆነ። አባባም ከሰኞ ጀምሮ የዓርቡን መልስ ሲያዘጋጁ ይሰነብቱ ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ።

በፈረንጆቹ ጸደይ ላይ፣ በጎ ፈቃደኞቹን የላከልን ማኅበር ለመምህር ንጎም መልእክት ላከ። የበጎ ፈቃደኞች ቀን ሊከበር ነውና ሰዎቻችን ድካማቸው እንዳልተረሳ እንዲያውቁ ከየመንደሩ ከልብ የመነጨ የምስጋና ቃል ይላክልን ይላል። ደስ አለን። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን፤ እኔ ስልኩን ይዤ ቀረጽኩ፣ መምህር ንጎም ወደ ፈረንሳይኛ ተረጎመ። ለዲዩፍ፣ «እናመሰግናለን፣ ጤና ይስጥልን» አልን። ለንዱርም እንዲሁ። ከዚያ የሴይናቡ ተራ ደረሰና ሰው መቀመጫውን አስተካከለ።

ከማንግሮቩ ሥር ላይ ዛጎል የሚለቅሙት ሴቶች ጀመሩ፤ «እጇ እንደ ቅቤ ነው፣ ዛጎል በቆረጣት ቁጥር ታለቅስ ነበር፤ አሁን ማን አልቅሶ ያስቀን?» አሉ። እማማ ቀጠለች፤ «ያቺ ሆዳም የድስቴን ቂጥ ስትፍቅ ሸንቁራብኝ ሄደች፤ አዲስ ድስት ተሸክማ ካልመጣች አልፋታትም» አለች። አባባ መጨረሻ ላይ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። «አንቺ ያመለጥሽ ባሪያ» አሉ፤ «ሁለት ክረምት ሩዜን በልተሽ፣ ምንጣፌን ጨርሰሽ፣ ያለ ፈቃዴ ሄድሽ። ማን ፈታሽ? እኔ አልፈታሁሽም። ካለሽበት አንቆ ያምጣሽ። ሩዙ በስሏል፤ የሚሰርቀው ሌባ ጠፍቶ ይሻግታል።» ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ድምፄ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ከንፈሬን ነከስኩ። እንዲህ ያለ ምስጋና በመንደራችን ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም።

መምህር ንጎም «ትርጉም አደራ ነው» የሚል ሰው መሆኑን ታውቃለህ። አንዲት ቃል አላጎደለም፣ አንዲት ቃል አልጨመረም። «ሳቁንስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሳቅ በፈረንሳይኛ አይጻፍም» ብሎ ተወው። እሱም ሴሬር ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ለሰው የሚያስረዳ ማን አለ? ላከው፤ ሁላችንም ተመራርቀን ወደ ቤታችን ገባን።

የዚያ ሳምንት ዓርብ ሴይናቡ አልመለሰችም። አባባ፣ «ስድቤ ከብዷት መልስ እያፈላለገች ነው» ብለው ተኩራሩ። በሚቀጥለው ዓርብም ዝም። «ታማ ይሆን?» አሉ። ከዚያ ስልኩን ይዘው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ መውጣት ጀመሩ፤ ስልኩን ወደ ላይ አንሥተው፣ ወደ ታች አውርደው፣ ነቅንቀው ያያሉ። እኔ፣ «አባባ፣ እንደ ማንጎ ቢነቀነቅ አይወርድም» አልኳቸው። አልሳቁም።

በመጨረሻ የማኅበሩ ደብዳቤ መምህር ንጎም ጋ ደረሰ። ቆሞ ማንበብ ጀመረና መሐል ላይ ተቀመጠ። በጎ ፈቃደኛችን በመንደራችሁ በቆየችበት ጊዜ በግዳጅ አገልጋይነት እንደተያዘች፣ ምግብ እንደተነፈገች፣ አሁንም ተመልሳ እንድትመጣ ማስፈራሪያ እየደረሳት እንደሆነ ከራሳችሁ አንደበት ተረድተን እጅግ አዝነናል፤ ምርመራው እስኪያልቅ ከእሷ ጋር ማንኛውም ግንኙነት ታግዷል ይላል። እማማ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው።

«ምግብ ማን ነፈጋት? እኔ? እኔ ነኝ ምግብ የነፈግኳት? ያቺ ልጅ ስትመጣ ጎድኗ ይቆጠር ነበር፤ ስትሄድ የመኪናው በር አልዘጋላት አለ! በሉ ይምጡና ድስቴን ይመርምሩት!»

አባባ ግን ከዚህ ሁሉ የሰሙት ሌላ ነው። «ስለዚህ ሄዳ ከሰሰችን» አሉ። መምህር ንጎም፣ «ቃላችንን እንዲህ ያነበበው ማኅበሩ ነው፤ እሷ ከነገሩ የለችበትም» ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ብትፈልግማ አንድ ቃል ታደርስ ነበር» አሉ። «ተቀይማለች። ጆላ በሴሬር አይቀየምም፤ ከተቀየመች ግን እኔ አብዝቻለሁ ማለት ነው።» ከዚያ ወደ እማማ ዞረው፣ «አብዝቻለሁ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ላቲር፣ አባታችን አበዛሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ በዕድሜህ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ በጣም ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባትሰማው ይሻልህ ነበር፤ ግን ካለፈ በኋላ ያስቃል። አባባ መብላት ተዉ። ሳህኑ ሲቀርብ አንድ ጉርሻ ይወስዱና፣ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ተመልሰው ግድግዳውን ያያሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ! እማማ ደነገጠች። እሷው ትሰድባቸው ብለን መከርን። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ጠብቃ፣ «አንተ ሰነፍ፣ አጥሩ ከወደቀ ስንት ጊዜው ነው?» አለቻቸው። አባባ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እውነትሽን ነው» አሉና መዶሻ ፈለጉ። ከሚስት የሚመጣ ስድብ እውነት ስለሆነ አይጥምም። አጥሩ ግን ተሠራ።

እኔ ደግሞ ጆላ ፍለጋ ፉንዱኝ ገበያ ሄድኩ። ፈልጌ ፈልጌ የስልክ ካርድ የሚሸጥ አንድ ማንጋ የሚባል ወጣት አገኘሁ። ምሳ እናበላሃለን፣ መጥተህ አባቴን ስደብልኝ ብዬ ለመንኩት። መጣ። አባባ ስሙን ሲሰሙ ዓይናቸው ትንሽ በራ፤ «ማንጋ? አንተ የሌባ ዘር!» ብለው ጀመሩለት። ልጁ ግን ዳካር ተወልዶ አክስቱ ጋ ያደገ ጨዋ ነው። መሬት መሬት እያየ፣ «አባባ፣ እንዴት ደፍሬ ልናገርዎ? የአባቴ እኩያ ነዎት» አለ። አባባ ምሳውን አብልተው፣ መርቀው ሸኙት። «እንዲህ ያለ ትሁት ልጅ አይቼ አላውቅም» አሉ፤ የመጨረሻ ተስፋቸውም በዚያ ተቆረጠ።

ማኅበሩ በቪዲዮ እንነጋገር አለ። መንደሩ ይቅርታ ይጠይቅ፣ በወጉ የተዘጋጀ ምስጋናም ያቅርብ፤ ሴይናቡም ትገኛለች ተባለ። መምህር ንጎም ለአባባ ቃሉን ጻፈላቸውና አባባ በቃላቸው ያዙት። ሰው ፊት ለመለማመድ ስላፈሩ አህያዋን ይዘው ወደ ማሳው እየሄዱ ይለማመዱ ነበር። አህያችን ያን ሳምንት በዘመኗ ሰምታው የማታውቀውን አክብሮት ሰማች።

ቀኑ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የመምህሩን ኮምፒዩተር በሁለት ወንበር ላይ አቆምነው። በስክሪኑ በአንዱ በኩል የማኅበሩ ወይዘሮ፣ ብሪጊት የሚባሉ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ደግ ፊት ያላቸው ሴት ናቸው። በሌላው በኩል ሴይናቡ። ከስታለች ላቲር፤ ፀጉሯን ተቆርጣለች። እኛን ስታይ እጇን ልታነሣ ጀምራ መልሳ አወረደችው፤ ዝም በይ የተባለ ሰው አኳኋን ነበር። አባባ ለወይዘሮዋ ሰላምታ ሰጡ፤ ጤናቸውን ጠየቁ፤ ባላቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የባላቸውን ወንድሞች፣ ዝናቡን፣ ከኋላቸው ሶፋ ላይ የተኛውን ውሻ ሳይቀር ጠየቁ። ወይዘሮ ብሪጊት ለእያንዳንዱ «ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ» ሲሉ ቆይተው ለውሻው ጊዜ ትንሽ ግራ ተጋቡ።

ከዚያ አባባ ተነሥተው፣ ቆባቸውን ይዘው፣ ሴይናቡን ሳያዩ ወደ ግድግዳው እያዩ ጀመሩ። «ክብርት ወይዘሪት ሴይናቡ ጃታ፤ በመንደራችን በቆዩበት ጊዜ ላበረከቱልን በጎ ሥራ የከበረ ምስጋናችንን እያቀረብን፣ በአንደበታችን ስለ ደረሰብዎ ቅሬታ በትሕትና ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።»

ወይዘሮ ብሪጊት ተደስተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሴይናቡ ፊት ግን ወረቀት መሰለ።

«ያንዴ» አለች፣ እኔን ነው የጠራችው፤ «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኳት።

«አትዋሺኝ! ያ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው? ሐኪም ምን አላችሁ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ እሳፈራለሁ!»

«አልታመሙም ሴይናቡ፤ ስድባቸው ጎድቶሻል ተብለው ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

ሁላችንም ስክሪኑ ላይ ወደ ወይዘሮ ብሪጊት አየን። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ሴይናቡ በኋላ እንደነገረችን፣ ከእኛ ጋር ብትነጋገር በመንደሩ ላይ ችግር እንደምታመጣ ተነግሯት ነበር ዝም ያለችው፤ ለእኛ ብላ ነበር። አሁን ግን ወደ ካሜራው ተጠግታ ፊቷ ስክሪኑን ሞላው።

«አንተ ፋይ! አንተ ማሽላ ቆርጣሚ! ለእኔ ‹እርስዎ› እንድትል ማን ፈቀደልህ? ጨዋነት አንተ ላይ እንደ ተውሶ ሱሪ ነው፣ ከኋላ ይሰፋል! ቆይ እስቲ፣ ወደዚህ ዙር። ዙር አልኩህ! ይህ አጥንት ምንድን ነው? ጌታህ ሳትፈቅድልህ ነው የከሳኸው? ባሪያዬን ማን ነው እንዲህ ያስራበብኝ?»

«ይኸው ደግሞ ምግብ!» ብላ እማማ ከኋላ ጮኸች።

ወይዘሮ ብሪጊት ምን እንዳለች መምህር ንጎምን ጠየቁት። አደራ አደራ ነውና ይህንንም አንድ በአንድ ተረጎመው፤ በዚህ ጊዜ ግን «እዚህ ላይ ሁላችንም ሳቅን» ብሎ ጨመረበት። ሴትየዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ፣ «ሴይናቡ፣ ይህ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያናግርሽ?» አሏት።

«በየሳምንቱ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እዚህ የምኖርበት ፎቅ ላይ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ፈገግ ይሉና ያልፋሉ። ስንት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ሆዳም ብሎኝ አያውቅም።»

አባባ እስከዚያ ድረስ ቆመው ነበር። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ በጣም ስለተጠጉ እዚያ የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «ሆዳም» አሏት። ቀስ ብለው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ሆዳም፤ ሌባ፤ አታልቅሺ።»

ያን ጊዜ ያላለቀሰ የለም። እማማም «ምግብ ማን ነፈጋት» የሚለውን ክርክሯን ትታ አለቀሰች። መምህር ንጎም ብቻ ሥራ ላይ ስለነበር አላለቀሰም። ለወይዘሮ ብሪጊት ነገሩን ሊያስረዳቸው ተነሣ፤ ሁለት እህትማማቾች በአንድ ጀልባ ሲሄዱ ጀልባዋ ለሁለት እንደተሰነጠቀች፣ አንደኛዋ ወደ ሰሜን ተወስዳ የእኛ እናት፣ ሌላዋ ወደ ደቡብ ተወስዳ የጆላዎች እናት እንደሆነች፣ ስለዚህ የአንድ እናት ልጆች እንደሆንንና ስንሰዳደብ ማንም ሊቀየም እንደማይችል አንድ በአንድ ዘረዘረ። ወይዘሮዋ ብዕር አንሥተው፣ «ይህ አደጋ መቼ ነው የደረሰው?» አሉ። መምህር ንጎም አሰብ አድርጎ፣ «ቆየት ብሏል» አላቸው።

ምርመራው ተዘጋ። ወይዘሮ ብሪጊት ሌላ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጥሩ ሴት ናቸው፣ ይቅርታም ጠይቀዋል፤ ከእንግዲህ የምስጋና ቃላችሁን ሳንነካ እናስተላልፋለን ብለዋል። አባባም በልተው ጠገቡ። የሚቀጥለውን ዓርብ ስድብ ለማዘጋጀት ስልኬን ከእኔ ወስደው ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሱም።

አሁን ይህን ስጽፍልህ አባባ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «ለላቲር ምን ልበለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ስለ ጤናህ፣ ስለ ሥራህ ይጠይቃሉ ብዬ ነበር። «እዚያ ማን ነው የሚሰድበው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ከሄደ ስድስት ክረምት ሆነው፤ በደወለ ቁጥር ‹ደህና ነኝ አባባ፣ ሁሉ ደህና ነው አባባ› ይለኛል። አሁን ነው የገባኝ። እንዲህ የሚናገር ሰው ደህና አይደለም» አሉ።

ዲቦርን ከእኔና ከእማማ በጣም ሳምልን፤ የላከችው ጨርቅ እማማን አስር ዓመት ቀንሶላታል። ትንሹን ምባኝክ ሁለት ጉንጩን ንከስልን። ለኮንጎዊው ጎረቤትህ ሰላም በልልን። እማማ ወገብህን በሞቀ ውኃ እንድትይዘው ትላለች። መምህር ንጎም ሰላም ይልሃል፤ አጎት ቢራን ሰላም ይሉሃል፤ ዛጎል ለቃሚዎቹ ሴቶች ሁሉ በየስማቸው ሰላም ይሉሃል። አባባ በአባትነት ይመርቁሃል።

ሴይናቡም ሰላም ትልሃለች። አይታህ አታውቅም፤ ግን ዓርብ ዕለት አባባ ስላንተ ሲነግሯት ሰምታ ቁጥርህን ከእኔ ወሰደች። «ሊብረቪል የተደበቀው ፋይ ያመለጠው የእኔ ባሪያ ነው፤ ስልኩን ይክፈት» ብላሃለች። እባክህ ወንድሜ፣ ስትደውልልህ «ደህና ነኝ» ብለህ እንዳታሳፍረን።

እህትህ ያንዴ ፋይ
ምቢን ንጎር፣ ከፉንዱኝ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2022